እቁብ የደረሳት ሴት

ባለፈው ሳምንት ፈረንጅ አራዳ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቼ ነበር። የሚሠራው ልጅ ወረቀቴን እያስተካከለ ድምፁን ዝቅ አደረገና፣ «ጋሼ፣ እርስዎ የሒሳብ ሰው ነዎት አሉ። እማዬ እቁብ ደርሷታል። ያንን የኢንተርኔት ገንዘብ፣ ቢትኮይንን ብገዛበት ምን ይመስልዎታል?» አለኝ።

ሳልመልስለት ወጣሁ። የኮፒውን መክፈሌንም እጠራጠራለሁ። «እቁብ ደርሷታል» ካለኝ በኋላ ሌላው አልተሰማኝም።

በ1989 ዓ.ም. እዚሁ ጅማ፣ አንድ የቡና ንግድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ወጣት ሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። የቡና ዋጋ እሳት ሆነ። ግንቦት ላይ በኒውዮርክ ገበያ አንድ ፓውንድ አረቢካ ከ3 ዶላር አለፈ። ለሃያ ዓመት ያልታየ ዋጋ ነበር። ሂርማታ ገበያ ብትሄዱ ልብስ ሰፊው፣ ጋሪ ነጂው፣ ሁሉም የሚያወራው ስለ ጀንፈል፣ ስላልተፈለፈለው ደረቅ ቡና ነው።

ከእናቴ ቤት አጠገብ ቡና አፍልታ የምትሸጥ ሴት ነበረች። እትዬ ነው የምላት። ባሏ ሞቶባት ሦስት ልጆች ታሳድጋለች። እቁብ ደረሳት፤ 3,200 ብር። የገባችውም ለቆርቆሮ ብላ ነው፤ ጣሪያዋ ያፈስ ነበር። «ቆርቆሮው የትም አይሄድም፤ ጀንፈል ገዝተን እናስቀምጥ፣ ክረምት ላይ እጥፍ ይሆናል» ያልኳት እኔ ነኝ። ከረባት አድርጌያለሁ፤ የማወራው ስለ ኒውዮርክ ነው። እንዴት አታምነኝ! ብሩን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራው ነበር። ቋጠሮው እምቢ ሲላት በጥርሷ ፈታችው። ይኸው እስከ ዛሬ ይታየኛል።

ጀንፈሉን የሸጠልን አንድ ትልቅ ነጋዴ ነው። ቤቱ ስልክ አለው፤ አዲስ አበባ ካለው ወኪሉ ጋር ጠዋት ማታ ይነጋገራል። እኔ የዋጋ ወሬ የምሰማው ከአውቶቡስ ከወረደ ሰው ነው። ያን ሰሞን መጋዘኑን ባዶ ሲያደርግ በዓይኔ አይቻለሁ። ለምን እንደሚሸጥ ግን አልጠየቅኩም። ያውም የሒሳብ ሰው ሆኜ!

ክረምቱ ሳይጋመስ ዋጋው ይናድ ጀመር። «ይመለሳል» አልኳት። ነሐሴ ላይም «ይመለሳል» አልኳት። ቡናውን ያስቀመጥነው እሷው ቤት ነበር። ጣሪያው አፈሰሰና ከጆንያዎቹ ሁለቱ ሻገቱ። የቀረውን በግማሽ ዋጋ ሸጥን። ነጋዴውም ሳይሸጥ የቀረችው ቡና ላይ ከስሯል አሉ። በዚያ ዓመት ሁለተኛ መኪና ሳይገዛ ቀረ። የእትዬ ትልቁ ልጅ ደግሞ ትምህርት አቋርጦ ሸክም ገባ።

እና ይሄ ከቢትኮይን ጋር ምን ያገናኘዋል? ወጣቶች ሲያስረዱኝ ቁጥሩ ከ21 ሚሊዮን አያልፍም፣ ስለዚህ ዋጋው መውጣቱ አይቀርም ይላሉ። አያቶቻችን በአሞሌ ጨው ሲገበያዩ አሞሌ ከአፋር እየራቀ በሄደ ቁጥር ይወደድ ነበር። እዚህ ጅማ ሲደርስማ ክቡር ነው። ግን የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ። አሞሌ ያለው ሰው መጀመሪያ የሚያስፈልገው የማያፈስ ጣሪያ ነበር።

ኅዳር 2014 አንድ ቢትኮይን ወደ 69 ሺህ ዶላር ተጠጋ። በዓመቱ ከ17 ሺህ በታች ወረደ። ኅዳር 2017 ደግሞ 100 ሺህ አለፈ። «አዩ፣ የታገሠ አተረፈ» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፣ አተረፈ። ግን መታገሥ የሚችለው ማን ነው? ቆርቆሮ የማይቸግረው ነው። እናትህ ብትታመም፣ የቤት ኪራይ ቢደርስ፣ አንተ በ17 ሺሁ ቀን ትሸጣለህ። ከአንተ የሚገዛው ሰው ደግሞ ይታገሣል።

የዓለም አቀፍ ክፍያዎች ባንክ፣ የማዕከላዊ ባንኮች ባንክ የሚሉት፣ በ2015 ያወጣው ጥናት ላይ፣ የቢትኮይን ዋጋ በሚወድቅበት ጊዜ ትልልቆቹ ባለይዞታዎች ሲሸጡ ትንንሾቹ ይገዙ እንደነበር አነበብኩ። ያ መጋዘን ትዝ አለኝ። ትልልቆቹን «ዓሣ ነባሪ» ነው አሉ የሚሏቸው። እኛ ሀብታም ነጋዴ ነበር የምንላቸው። ዛሬ ስልክ በሁሉም ኪስ አለ፤ ስለዚህ ሁሉም እኩል ያውቃል ብዬ ነበር። ግን ወሬው እኩል ቢደርስም ኪሱ እኩል አይደለም።

የእናንተ የወጣቶቹ ነገር ደግሞ ይገርመኛል። በ2016 ክረምት ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ካፌ ስገባ፣ ልጆቹ ማኪያቷቸው እየቀዘቀዘ ስልካቸው ላይ ሃምስተር ይነካካሉ፤ ስክሪን ለነካካ ኋላ የኢንተርኔት ገንዘብ ይሰጣል የተባለ ጨዋታ ነው። ጣታቸውም ዓይናቸውም አያርፍም። ገንዘቡ የተከፋፈለው በ2017 የደመራ ዕለት ነው። ብዙዎቹ ያገኙት የማኪያቶውን ዋጋ እንኳ አልመለሰም። ሥራ የሚጠላ ትውልድ ነው ብዬ ተበሳጨሁ። ማታ ሳስበው ግን ሥራ ቢጠሉ ኖሮ ሦስት ወር ሙሉ ስልክ ባልነካኩ። የሚከፍል ሥራ አጥተው ነው። እኔም በየሳምንቱ ሎተሪ እቆርጣለሁ፤ ሚስቴ ይሄን ካነበበች ጉድ ፈላ።

ብሔራዊ ባንክ በ2014 በእንዲህ ዓይነት ገንዘብ መገበያየት ሕገወጥ ነው ብሎ አስጠንቅቋል። ብትበሉ አቤት የምትሉበት ቢሮ የለም ማለት ነው። ይሄን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ አልደጋግመውም። የሚያበሳጨኝ ሌላ ነው። የውጭ ኩባንያዎች በዶላር የኛን መብራት እየገዙ፣ በአገራችን ኃይል ኮምፒውተር እያሠሩ ቢትኮይን ያመርታሉ። እኛ ግልገል ጊቤ ደጃችን ሆኖ መብራት ሲጠፋ ሻማ እንፈልጋለን። አገር ዶላር ማግኘቷን አልጠላም፤ ዶላሩ ያስፈልጋል። ብቻ ሻማው ያናድዳል።

ለልጁ ነገ ሄጄ እነግረዋለሁ። የራስህን ደመወዝ ከሆነ የፈለግከውን አድርግ፣ እኔ ማን ነኝ። የእናትህን እቁብ ግን አትንካ። እሷ ፈቅዳም ቢሆን። እትዬም ፈቅዳ ነበር።

ገንዘቡን በየወሩ ትንሽ ትንሽ እመልስላት ነበር። አንድም ቀን ቆጥራው አታውቅም። ስትሞት 1,300 ብር ይቀረኝ ነበር። አሁን ልጇ አጂፕ አካባቢ ቡና ታፈላለች። ጠዋት ጠዋት እሄዳለሁ። መልሱን ሳልቀበል እነሣለሁ። «አባባ፣ መልስ ረሱ!» እያለች ከኋላዬ ትሮጣለች። እኔም ያልሰማሁ መስዬ እሄዳለሁ። የጃጀሁ መስሏታል።