«ስንት ይላል?»

ባለፈው እሁድ ቡና እየጠጣን የእህቴ ልጅ፣ «ጋሼ፣ ዲግሪ ይዞ ሥራ ፈት ከሞላ እኔ ለምን ልልፋ?» አለኝ። ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው። ልመልስለት አፌን ስከፍት አንዲት ሴት ፊቴ ድቅን አሉብኝ።

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ሲጀመር ደሴ ነበርኩ። ገና አሥራ ሁለተኛን መጨረሴ ነው። አስተምር ተባልኩ፤ ክፍሌ የቀበሌ አዳራሽ ሆነ። የደሴን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እኔ «ሀ» ብዬ እጮኻለሁ፣ ከኋላ ያሉት «ምን አልክ?» ይላሉ።

ሴትየዋ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ ነበሩ። ሁልጊዜ ያረፍዳሉ። እጃቸው ላይ ሊጥ ደርቆ ይታያል። አንድ ማታ ሰሌዳ ላይ አወጣኋቸውና «ሰ» ጻፉ ብላቸው «ለ» ጻፉ። ሦስተኛ ጊዜያቸው ነው። «እትዬ፣ ለመማር ካልመጡ ቦታውን ለሌላ ይልቀቁ» አልኳቸው። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ መሰለኝ። መጽሐፋቸውን ነጠላቸው ውስጥ ሸጉጠው ወጡ፤ አልተመለሱም። ቤታቸው ከአዳራሹ ሁለት መቶ ሜትር አይሞላም ነበር። አልሄድኩም። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት መምህር ይቅርታ መጠየቅ የት ያውቃል!

ዘመቻው በ5 ቋንቋ ተጀምሮ 15 ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1980 ዩኔስኮ ሲሸልመን ደረቴን ነፍቼ ነው የዞርኩት። ያባረርኳትን ተማሪ ነገር ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

ለእናንተ ለወጣቶቹ እንዴት እንደሚጠና አልነግራችሁም፤ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ዲግሪ ብቻውን እንጀራ አይሆንም፤ እዚህ ላይ ልጁ እውነቱን ነው። የራሴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ አቋርጣለሁ ሲል ግን ቤቱን በጩኸት አናግቼዋለሁ። እናንተ ደግሞ ማንበብ እየቻላችሁ አታነቡም። የብድር ውል ስልካችሁ ላይ ሲመጣ «እስማማለሁ» የምትለዋን ለመጫን የሚቀድማችሁ የለም።

ከዓመታት በኋላ እዚያው ደሴ ባንክ ተቀጥሬ መስኮት ላይ ተቀምጫለሁ። እትዬ መጡ። ሸብተዋል። አላወቁኝም፤ ወይም አላወቅሁህም ማለታቸው ነው። ለፊርማው ቀለሙን አቀረብኩላቸው። አውራ ጣታቸውን አስነክተው ወረቀቱ ላይ ጫኑ፣ ከዚያ በቀሚሳቸው ጠረጉት። የቁጠባ ደብተራቸውን ገፋ አድርገው፣ «ስንት ይላል፣ ልጄ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ስሜን ልነግራቸው ፈለግሁ፤ ከኋላቸው ሰልፍ አለ ብዬ ተውኩት።

አመስግነው ወጡ። በር ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ደብተሩን ገልጠው ለዘበኛው ሲያሳዩት በመስታወቱ አየሁ።

«ስንት ይላል?» እያሉት ነበር።