ቅጹን ከመሙላታችሁ በፊት በሩ ላይ ቁሙ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ልጆቼ ሐይቅ አቅራቢያ፣ አስፋልት ዳር ባለ የመንግሥት ትምህርት ቤት ይማራሉ። ዘንድሮ ለወተመህ (ለወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት) ተመርጬ የግቢውን ደኅንነት ገምግሙ ተባልን። የተሰጠን ቅጽ «አጥር አለ? የለም?» እያለ የሚጠይቅ ነው። የአንዱ ክፍል ግድግዳ ተሰንጥቋል፤ ያለን ገንዘብ ትንሽ ነው። ከየት እንጀምር?
እናት፣ ከሐይቅ

መልስ፦ አብሽሩ። ቅጹን ሙሉት፣ ግን ቅዳሜ ባዶ ግቢ ዞራችሁ አትሙሉት። ርእሰ መምህር ሳለሁ ገምጋሚ የሚመጣልን ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ነበር፤ ልጅ የሌለበት ግቢ ደግሞ መቼም ሰላም ነው። የጧቱ ፈረቃ ወጥቶ የከሰዓቱ ሲገባ በሩ ላይ ቁሙ። ባጃጁ የት እንደሚቆም፣ ወደ ወልድያ የሚበረው አይሱዙ ፍጥነት ይቀንስ እንደሆነ ያኔ ታያላችሁ። ሁለቱን ፈረቃ ሩብ ሰዓት ማራራቅ ሳንቲም አያስወጣም። የክፍሎቹንም መዝጊያ እዩ፤ ወደ ውስጥ የሚከፈት ከሆነ ልጆች ደንግጠው ሲገፋፉ ራሳቸው ላይ ይዘጉታል። ወደ ውጭ እንዲከፈት ማዞር የአንድ አናጢ ሥራ ነው።

ስንጥቁን በቀለም አትሸፍኑት (ስንቱ ጋ አይቻለሁ!)። ጄሶ በጥብጣችሁ በስንጥቁ ላይ አሻግራችሁ ለጥፉ፣ ቀኑን ጻፉበት። ጄሶው ከተሰነጠቀ ግድግዳው እየሄደ ነውና ክፍሉን ልቀቁ። ስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ላይ ነን፤ በ1953 ዓ.ም. ማጀቴን ያፈረሰው የካራ ቆሬ የመሬት መንቀጥቀጥ ከእኛ ሩቅ አልነበረም።

ስለ ሽንት ቤቱ ሴት መምህርት ልጃገረዶቹን ለብቻቸው ትጠይቅ። ወንዶች በበዙበት ኮሚቴ ፊት «መቀርቀሪያ የለውም» የምትል ልጅ አላጋጠመችኝም።

ቅጹ የማይጠይቀው አንድ ነገር አለ፦ ከ2014ቱ ጦርነት የቀረ፣ ያልፈነዳ ተተኳሽ። ልጆቹን «እንግዳ ብረት የት አያችሁ?» በሏቸው፤ በቃል ይንገሯችሁ እንጂ ቦታው ድረስ አይምሯችሁ። ድንገት ያገኘው ሰው ካለ አይንካው፣ ድንጋይም አይወርውርበት፤ በመጣበት ዱካ ይመለስ። ሰው እንዳያልፍበት ከሩቅ ጠብቁና ለፖሊስ ንገሩ።

የትምህርት ቤት ድጎማው ሲለቀቅ የአጥር ቀለም ካልተገዛ ብሎ የሚሟገት አይጠፋም። መጀመሪያ መዝጊያው፣ ቀጥሎ መቀርቀሪያው። ግድግዳው በወተመህ ኪስ የሚሆን አይደለም፤ የጄሶውን ፎቶ ከነቀኑ ከደብዳቤ ጋር አያይዛችሁ ወረዳውን መሐንዲስ ጠይቁ፣ ደብዳቤውም መዝገብ ቤት ቁጥር ይውጣለት።