ጳጳስ የሌላት ቤተ ክርስቲያን፦ ስለ ፕሬስቢተሪ ጥያቄና መልስ

በቤቴል ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ደምቢ ዶሎ አድጌ በሽማግሌነት ያገለገልሁ፣ አሁን የደሴ ነዋሪ ነኝ። ከደሴና ከኮምቦልቻ የደረሱኝን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ። ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጋሼ፣ ጳጳስ ከሌላችሁ ቄስ የሚሾመው ማን ነው?

ፕሬስቢተሪው። ይህ የአንድ አካባቢ አጥቢያዎች ቀሳውስትና ከምእመናን የተመረጡ ሽማግሌዎች እኩል የሚቀመጡበት ጉባኤ ነው። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ስለ «ሽማግሌዎች እጅ መጫን» የጻፈውን እዚህ ላይ እንጠቅሳለን። ሰብሳቢው ስብሰባውን ይመራል እንጂ የቀሳውስቱ አለቃ አይደለም።

ደመወዙን የሚከፍለው አጥቢያው ከሆነ ቄሱን ለምን ማሰናበት አይችልም?

ቄሱ የአጥቢያው አባል ስላልሆነ ነው፤ አባልነቱ በፕሬስቢተሪው ውስጥ ነው። ምእመናን መርጠው ይጠሩታል፤ ጥሪው የሚጸናው ግን ፕሬስቢተሪው ሲያጸድቀው ነው። ሲለያዩም እንዲሁ። ከሥርዓቱ ሁሉ አብልጬ የምወደው ይህን ነው። በስብከት የተቆጣ ባለጸጋ መጋቢውን በአንድ ሳምንት ከነቤተሰቡ ሊያባርረው አይችልም። ቄሱም ቢሆን አጥቢያውን እንደ ግል ርስቱ ሊይዘው አይችልም፤ የሚጠይቀው አለ። አገልጋይ ብቻውን ሲቆም ወይ ይፈራል ወይ ያስፈራል፤ ሁለቱም መንጋውን ይጎዳሉ።

በአጥቢያ ውስጥ ጠብ ሲነሳስ?

ለወሎ ሰው ይህን ማስረዳት አይከብድም፤ አበጋር የምንለው አስታራቂ ከጠቡ ውጭ ቆሞ ሁለቱንም ወገን እንደሚሰማ ማለት ነው። ፕሬስቢተሪው ከሌሎች አጥቢያዎች ቀሳውስትና ሽማግሌዎችን ይልካል። በውሳኔው ያልረካ ወገን ወደ ሲኖዶስ፣ ማለትም የብዙ ፕሬስቢተሪዎች ጉባኤ፣ ከዚያም ከሁሉ በላይ ወዳለው ጠቅላላ ጉባኤ ይግባኝ ይላል።

ታዲያ ሁሉም ከላይ የሚወርድ ትእዛዝ አይደለም?

አይደለም። በዚህ ሥርዓት በምትመራው በስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን ከ1697 ጀምሮ በጸናው ሕግ መሠረት፣ ጠቅላላ ጉባኤው በትምህርት ወይም በሥርዓት ላይ የሚጸና ሕግ ሊያወጣ ሲያስብ ረቂቁ ወደ ፕሬስቢተሪዎች ይወርዳል፤ አብዛኞቹ ካልተስማሙ አይጸድቅም። ይህች ቤተ ክርስቲያን በ1993 ሲኖዶሶቿን ስታስቀር ፕሬስቢተሪዎቿን አላስቀረችም። ውሳኔ ከሕዝቡ በጣም ሳይርቅ የሚሰጠው እዚያ ነውና ትክክል ያደረገች ይመስለኛል።

በአገራችን ይህ ሥርዓት አለ?

የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮናውያን በ1919 ደምቢ ዶሎ ገቡ። ከዚያ ሥራ የበቀለችው ቤቴል በ1947 ራሷን ችላ ቆመች፤ በ1974 ከመካነ ኢየሱስ ጋር ተዋሐደች። የቤቴልን ስም የያዙ ሲኖዶሶች ዛሬም አሉ።

ሽማግሌ ሆኜ ተመርጫለሁ፤ ለጉባኤ ስላክ ምን ልያዝ?

ልጄ፣ አጀንዳውን አስቀድመሽ አንብቢ። የአጥቢያሽን ሐሳብ ስሚ፤ ድምፅ ስትሰጪ ግን በጸሎትና በክርክሩ ውስጥ ኅሊናሽ የተረዳውን ተከተዪ፤ ተላላኪ ሆነሽ አትሄጂም። የአጥቢያችሁን ቃለ ጉባኤም ፕሬስቢተሪው በየጊዜው ይመረምረዋልና መዝገቡን ይዘሽ ሂጂ፤ ስብሰባው በጸሎት መከፈቱና መዘጋቱ፣ የተጠመቁት ስም መግባቱ ይታያል። ያልተፈረመ ገጽ ካለ ከመሄድሽ በፊት አስፈርሚው።