የቀድሞ የፈረስ ጋጣ ግድግዳ እርጥበትና ጨው ሲያወጣ

ጥያቄ፦ ጎንደር ከተማ ውስጥ ከአያቶቼ የወረስሁትን፣ በድንጋይና በኖራ የተገነባ የፈረስ ጋጣ መኖሪያ ቤት አድርጌዋለሁ። ወለሉንም ግድግዳውንም በሲሚንቶ አሠርቼ ቀለም አስቀባሁት። ሆኖም ክረምት በገባ ቁጥር ግድግዳው እስከ ወገብ ድረስ ይረጥባል፤ ልስኑ እየተነፋ ይረግፋል፤ ነጭ ዱቄትም ያወጣል። ውሃ የማያስገባ ቀለም ልቀባው?

መልስ፦ እባክዎ አይቀቡት፤ ችግሩ የሚብሰው ያን ጊዜ ነው። ያዩት ነጭ ዱቄት ጨው ነው። ለረጅም ዘመን መሬቱና የግድግዳው ግርጌ የመጠጡት የፈረስ ሽንትና ፍግ በአፈር ባክቴሪያዎች አማካይነት ወደ ናይትሬት ጨውነት ይለወጣል። ይህ ጨው ከአየር ሳይቀር እርጥበት ይስባል፤ ሲደርቅ ደግሞ ከልስኑ ሥር እየጠጠረ ይፈነቅለዋል። በኖራ የተገነባ ግድግዳ ከመሬት የሳበውን ውሃ በመጋጠሚያዎቹ በኩል ወደ አየር ይለቃል። ሲሚንቶው ይህን መውጫ ስለዘጋው፣ የወለሉም ሲሚንቶ የመሬቱን ትነት ስላፈነው፣ ውሃው ያለው ምርጫ በግድግዳው ውስጥ ወደ ላይ መውጣት ብቻ ነው። በፋሲል ግቢ ሕንፃዎችም በጣሊያን ወረራ ዘመን ለጥገና ሲሚንቶ ገብቶ ነበር፤ ኋላ የተደረጉት ጥገናዎች ወደ ኖራ ተመልሰዋል።

መዶሻ ከማንሣትዎ በፊት ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ መሆኑን ከከተማው የባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤት ያረጋግጡ፤ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የተመዘገበን ቅርስ ያለ ፈቃድ መጠገንን አይፈቅድም።

ሥራው የሚጀመረው ከውጭ ነው። የጣሪያው ውሃ ከግድግዳው ርቆ እንዲወርድ ያድርጉ፤ ግርጌውን የሸፈነ አፈር ካለም ከቤቱ ወለል ዝቅ እስኪል ድረስ ያንሡት፤ መሠረቱን ግን አይንኩት። ከመስቀል በኋላ ዝናቡ ሲያባራ የሲሚንቶውን ልስን በቀላል መዶሻና በመሮ በቀስታ ያስነሡ። ቁራጩ የድንጋዩን ፊት ይዞ የሚነሣ ከሆነ ግንበኛው እዚያ ቦታ ላይ እንዲቆም ይንገሩት፤ ድንጋዩ ከልስኑ ይበልጣል። የወለሉ ሲሚንቶ ይነሣ፤ በሽንት የጠቆረው አፈር ተጠርጎ ወጥቶ በጠጠርና በኖራ ይተካ። ጨውን በደረቅ ብሩሽ ጠርገው ከቤት ያውጡት፤ በውሃ ካጠቡት ተመልሶ ወደ ግድግዳው ይሰርጋል። በላይ በኩል የተደፈኑ የጋጣው የአየር መግቢያዎች ካሉም ይከፈቱ፤ ለፈረሶቹ የተሠሩትም እርጥበቱን ለማስወጣት ነበር።

ግድግዳው በጋውን ሙሉ ራቁቱን ይድረቅ፤ ይህ ትዕግሥት ከሥራው ሁሉ ከባዱ መሆኑን አውቃለሁ። ከዚያ በውሃ ተነክሮ በደንብ የተፈላ ኖራ አንድ እጅ፣ ጭቃ የሌለበት የወንዝ አሸዋ ሦስት እጅ አድርገው በስስ ድርብርብ ያስለስኑ፤ አንዱ ሲጠነክር ሌላው ይከተላል። ኖራ ሲፈላ ዓይን ያቃጥላልና መነጽር የግድ ነው። አዲሱ ልስን ከአየር ጋር እየተዋሐደ ቀስ ብሎ ስለሚጠነክር፣ ፀሐይ እንዳያደርቀው በረጠበ ጆንያ ይከለል።

የመጀመሪያው ልስን እንደገና ነጭ ቢያወጣ አይደንግጡ። ከድንጋዩ ውስጥ የቀረውን ጨው የሚስበው እርሱ ስለሆነ፣ ሲሞላ ተፍቆ በሌላ የኖራ ልስን ይተካል። ቀለም ካስፈለገዎት በኖራ ውሃ ይቀቡት እንጂ በፕላስቲክ ቀለም አይቀቡት።