በረኪና ረጭተንም ለምን ተመለሰ? የዶሮ አርቢዎች ጥያቄና መልስ

የዛሬዎቹ ጥያቄዎች ሁሉም ስለ ሳልሞኔላ ናቸው፤ ዶሮንም ሰውንም ሊያሳምም ስለሚችለው ባክቴሪያ።

«ለፋሲካ ዶሮዎቹን ሸጬ ቤቱን አጠብኩ፤ በረኪናም ረጨሁ። ሁለት ሳምንት ባዶ አቆይቼ ጫጩት ሳስገባ እንደገና ሳልሞኔላ ተገኘ። ከየት መጣ?» (ከቢሾፍቱ)

ከጫጩቱ ጋር ገብቶ ሊሆን ይችላል። ለወደፊቱ ጫጩቶቹ የመጡበት ካርቶን ላይ ያለውን ኩስ ያስመርምሩ። እኔ ግን የምጠረጥረው ቤቱን ነው። እንግሊዝ ውስጥ በተደረገ ጥናት ባክቴሪያው የተበከሉ ዶሮዎች ከወጡ ከ1 ዓመት በኋላም ባዶው ቤት ውስጥ ተገኝቷል። መኖ ውስጥ ደግሞ 26 ወር ቆይቷል። ሁለት ሳምንት ለሱ ምንም አይደለም።

በረኪና ኩስና አቧራ ላይ ሲወድቅ ኃይሉን እዚያው ይጨርሳል። መጀመሪያ ጉዝጓዙን ሙልጭ አድርገው ያውጡ። ከዚያ ጣሪያውን፣ የአየር ማስገቢያውን፣ የአምፖል ገመዱን ይጥረጉ። ጣትዎን ገመዱ ላይ ሲያሳልፉ ግራጫ አቧራ ከያዘ ገና አልጨረሱም ማለት ነው። ቀጥሎ በሳሙና ይጠቡና ያለቅልቁ። ከዚያም ይድረቅ! ብዙ ሰው የሚዘለው ይህችን ነው። ወለሉ ላይ ውሃ ካቆረ በመጨረሻ የሚረጩት በረኪና ይቀጥናል። የተሰነጠቀ ሲሚንቶ ካለም ይደፈን፤ ስንጥቁ ውስጥ ያለውን ኩስ የትኛውም መጥረጊያ አያወጣውም።

«ያሉኝ አይጦች ጥቂት ናቸው። ያን ያህል ያሰጋሉ?»

እንዴታ! አሜሪካ ውስጥ በተደረገ ምርመራ አንዲት ፍሬ የአይጥ ኩስ እስከ 230,000 ሳልሞኔላ ይዛ ተገኝታለች። ቤቱ ባዶ ሲሆን አይጥ ወደ መኖ መጋዘኑ ትሸሻለች፤ አዲስ ጫጩት ሲገባ ተመልሳ ትመጣለች። ስለዚህ ዘመቻው ዶሮዎቹ ከመውጣታቸው በፊት ይጀመር። ጉዝጓዝ ውስጥ የሚርመሰመሰው ጥቁር ጥንዚዛም ተሸካሚ ነው። ድመት እናስገባ ለምትሉ፣ ድመትም ትሸከማለች።

«ዶሮዎቼ ጤነኞች ናቸው፤ በደንብ ይጥላሉ። ታዲያ ምርመራው ለምን አለ ይላል?»

ሳልሞኔላ ብዙ ዓይነት ነው። ጋሊናረም የሚባለው የዶሮ ታይፎይድ አምጥቶ ይፈጃቸዋል፤ ሰውን ግን እምብዛም አይነካም። ኢንተራይቲዲስ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ዶሮዋ ምንም ሳትሆን ከእንቁልጢዋ (እንቁላል ከሚፈጠርበት አካሏ) ወደ እንቁላሉ ውስጥ ይገባል። ለሰው የሚያሰጋው ይሄ ዝምተኛው ነው። ክትባት ይቀንሰዋል፤ ቆሻሻ ቤት ውስጥ ግን ብቻውን አያድንም።

«አንቲባዮቲክ በመጠጥ ውሃቸው ልስጥ?»

ያለ ሐኪም አይሞክሩት። ሞቱ ለጊዜው ጋብ ሊል ይችላል፤ ተሸካሚዎቹ ግን ይቀራሉ፣ ባክቴሪያውም መድኃኒቱን ይለምዳል።

«ጂም የሚሄደው ልጄ ጥሬ እንቁላል ይጠጣል። ቅርፊቱን አጥቤ እሰጠዋለሁ። ይበቃል?» (ከአንዲት እናት)

አይበቃም እናቴ። ውስጥ የገባውን መታጠብ አያወጣውም። አስኳሉ እስኪረጋ ቀቅለው ይስጡት። ጡንቻ ለሚፈልግ ልጅ ደግሞ ደስ የሚል ዜና አለ፦ ሰውነት ከበሰለ እንቁላል የሚያገኘው ፕሮቲን ከጥሬው ይበልጣል።