የባህር በረዶ ካርታ መሥራት ለምትጀምሩ ልጆች

ልጆች፣ በዚህ ሥራ ቶሎ የሚያሳስታችሁ ድምቀት ነው። የራዳር ምስል ላይ ደመቅ ያለ ነገር ስታዩ «በረዶ ነው» ለማለት አትቸኩሉ። ራዳር ቀለም አያይም፤ ሞገድ ልኮ ተመልሶ የመጣለትን ይለካል። ሻካራ ነገር ብዙ ይመልስለታል፣ ልሙጡ ግን ወደ ሌላ ወገን ያሳልፍበታል። ስለዚህ ነፋስ ያናወጠው ክፍት ውሃ ደምቆ በረዶ ይመስላል፣ ገና መርጋት የጀመረው ስስ በረዶ ደግሞ ጠቁሮ የረጋ ውሃ ይመስላል። ያው ስስ በረዶ ላይ የውርጭ አበባ፣ ማለትም ፊቱን የሚያሻክሩ ትናንሽ የበረዶ ቅንጣቶች፣ ሲያብብበት ደግሞ በድንገት ይደምቃል።

እና ምን ይሻላል? ምስሉን ከመክፈታችሁ በፊት በዚያ ሰዓት ነፋሱ ምን ያህል እንደነበረ እዩ። ይቺን ነገር አደራ።

የአውሮፓው የራዳር ሳተላይት ሴንቲኔል-1 ሰፊውን ምስል ሲያነሳ 400 ኪሎ ሜትር ስፋት ይሸፍናል፣ ብዙ ጊዜም በሁለት ፖላራይዜሽን (ሞገዱ በሚወዛወዝበት አቅጣጫ) ይሰጣችኋል፤ ኤችኤች (አግድም ተልኮ በአግድም የሚለካው) እና ኤችቪ (አግድም ተልኮ በቁም የሚለካው)። ነፋሱ ኤችኤችን ሲረብሸው ኤችቪ ላይ ውሃው ባብዛኛው ጠቁሮ ስለሚቆይ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ አንብቡ። ኤችቪም ቢሆን የራሱ ጣጣ አለው፤ ምልክቱ ደካማ ስለሆነ የምስሉ ክፍሎች የሚገጣጠሙበት ቦታ ላይ ቀጥ ያለ ሰንበር ይታያል። ጀማሪ እሱን የበረዶ ጠርዝ ነው ብሎ መስመር ያሰምርበታል። በጋ ላይ ደግሞ በረዶው ላይ ያለው አመዳይ ሲረጥብ የዘንድሮውና የቆየው በረዶ ስለሚመሳሰሉ ያኔ የባለፈው ሳምንት ካርታችሁ ከዛሬው ምስል የበለጠ ይነግራችኋል።

ይህን ሁሉ የምለው ለምስሉ ብዬ አይደለም። የዴንማርኩ መርከብ ሃንስ ሄድቶፍት እ.ኤ.አ. ጥር 30 ቀን 1959 ከግሪንላንድ ደቡባዊ ጫፍ አጠገብ ከተንሳፋፊ የበረዶ ተራራ ጋር ተጋጭቶ ሰጠመ። የተሳፈሩት 95 ሰዎች ነበሩ፣ አንድም አልተረፈም። ያኔ እንዲህ ያለ ሳተላይት አልነበረም። ዛሬ ሳተላይቱ በጨለማም በደመናም ያያል፣ ግን በግሪንላንድ ምሥራቅ ዳርቻ በረዶው በቀን 20 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ሊሄድ ስለሚችል ያማረ ካርታ ዘግይቶ ከሚደርስ ደህና የሆነው በሰዓቱ ቢደርስ ለካፒቴኑ ይጠቅመዋል። ምስሉ የተነሳበትን ሰዓትም በግልጽ ጻፉለት። በረዶው ከባህሩ ፊት የሸፈነው ከ10 እጅ 4 ይሁን 6 መወሰን ካቃታችሁም እንዳቃታችሁ ይወቅ፤ ፍጥነቱን የሚቀንሰው እሱ ነው።

አሁን ካርታውን በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ መሥራት ተጀምሯል፣ በጣም ደስ ይለኛል። ብቻ ብዙዎቹ ማሽኖች የተማሩት ሰው በእጁ ከሳላቸው ካርታዎች ነው። በነፋስ የተታለለ መስመር ዛሬ ካሰመራችሁ ነገ እሱም ያንኑ ይማራል። ለዚህ ነው ማሽኑን ከመልመዳችሁ በፊት ዓይናችሁን አስለምዱ የምላችሁ።

የሴንቲኔል ምስል በነፃ ነው። የባልቲክን ባህር የየካቲት ምስል አውርዱና ጠርዙን ራሳችሁ አስምሩ፣ ከዚያ የፊንላንድ ሜትሮሎጂ ተቋም በዚያው ቀን ካወጣው ካርታ ጋር አስተያዩት።