ሎሚ ሽሪምፕ አያበስልም፦ ለወጣት አብሳዮች

ልጆቼ፣

ሰሞኑን አንዲት ወጣት ለቤተሰብ ድግስ በሜክሲኮ አሠራር የሽሪምፕ ሴቪቼ፣ ማለትም በሎሚ ጭማቂ የሚለወስ የባሕር ምግብ፣ ልታዘጋጅ አስባ «ሎሚው በስንት ደቂቃ ያበስለዋል?» ስትል ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ የቆየ ቁጭቴን ቀሰቀሰው። «ሎሚ ያበስላል» የሚለው አባባል ከአብሳይ ወደ አብሳይ ሳይታረም እስከ ዛሬ መተላለፉ ያንገበግበኛል።

ሎሚ አያበስልም። አሲዱ የሽሪምፑን ፕሮቲን ስለሚለውጠው ሥጋው ይነጣል፣ ይጠብቃል፣ የበሰለም ይመስላል። ሙቀት ግን አልነካውምና እንደ ቪብሪዮ ያሉ ባክቴሪያዎች ሳይሞቱ ሊቀሩ ይችላሉ። ጥሬ ዓሣን ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ ለ7 ቀን ማቆየት ጥገኛ ትሎችን ይገድላል፤ ባክቴሪያን ግን አያጠፋም። እናንተ የዛሬ ልጆች አጭር ቪዲዮ ላይ ቀለሙ ሲቀየር አይታችሁ «በቃ፣ ደርሷል» ትላላችሁ። ቀለም ምስክር አይሆንም።

በሜክሲኮዋ ሲናሎዋ ግዛት የሚወደደው አጓቺሌ ጥሬ ሽሪምፕ በሎሚና በቃሪያ ተነክሮ ወዲያው የሚበላ ነው። ጣዕሙን እወደዋለሁ። አያት፣ ነፍሰ ጡርና ሕፃን በአንድ ገበታ በሚቀመጡበት ድግስ ላይ ግን አላቀርበውም። ለእንዲህ ያለው ቀን ሽሪምፑን በሙቅ ውሃ አብስላችሁ ቶስታዳ በሚባለው፣ ተጠብሶ በደረቀ የበቆሎ ቂጣ ላይ አቅርቡ።

ለ12 ሰው፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ትናንሽ ቶስታዳ እንዲደርስ፣ የተላጠ 1 ኪሎ ሽሪምፕ ይበቃል። በረዶ የያዘ ከሆነ ከዋዜማው ጀምሮ ፍሪጅ ውስጥ ይሟሟ፤ ጠረጴዛ ላይ አትተዉት። አሽትቱት፤ የአሞኒያ ሽታ ካለው ምንም ቅመም አያድነውም፣ ይጣል። የጀርባውን ጥቁር መስመር በቢላ ጫፍ አውጡ።

3 ሊትር ውሃ በ3 የሾርባ ማንኪያ ጨው አፍሉ። እሳቱን አጥፉና ግማሹን ሽሪምፕ ብቻ ጨምሩ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ከከተታችሁት ውሃው ይቀዘቅዝና ከላይ የበሰለ፣ መሐሉ ጥሬ የሆነ ሽሪምፕ ታወጣላችሁ። መካከለኛ መጠን ላለው ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ይበቃዋል። ቀለምን አትመኑ ብያለሁ፤ በሙቅ ውሃ ሲሆን ግን ቀለምም ቅርጽም ይናገራል። ላላ ብሎ ጎበጥ ያለው ደርሷል፤ እንደ ቀለበት የተጠቀለለው አልፎበታል፣ እንደ ጎማ ይሆናል። አንዱን ከወፍራም ቦታው ቁረጡ፤ ውስጡ ብርሃን የሚያሳልፍ ግራጫ መሆኑ ቀርቶ ነጭ መሆን አለበት። ቴርሞሜትር ካላችሁ 63 ዲግሪ ይበል። ከዚያ በረዶ ያለበት ውሃ ውስጥ ክተቱት፤ እንደቀዘቀዘ ወዲያው አውጡት፣ ከቆየ ጣዕሙን ለውሃው ይሰጣል። ውሃው እንደገና ሲፈላ ቀሪውን ግማሽ እንዲሁ አድርጉ። በንጹሕ ጨርቅ አድርቃችሁ ባንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ከትፉት።

እዚህ ላይ የብዙዎች ሴቪቼ የሚበላሸው በውሃ ነው። ጨው ከቲማቲምና ከኪያር ውሃ ያወጣል፤ ያ ውሃ ሎሚውን ያቀጥነዋል፣ ቶስታዳውንም ያረጥበዋል። ስለዚህ የ3 ቲማቲምና የ1 ትልቅ ኪያር ፍሬያቸውን ከነውሃው አውጥታችሁ ጣሉ። አንድ ቀይ ሽንኩርት ደቃቅ ከትፋችሁ በቀዝቃዛ ውሃ 10 ደቂቃ አቆዩት፤ ኃይሉ ይበርዳል። ሁለት ሴራኖ ቃሪያ፣ ካጣችሁ ሀላፔኞ፣ ጨምሩበት። ሽሪምፑን ከግማሽ ኩባያ የሎሚ ጭማቂና ከአንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ጋር ከመቅረቡ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በፊት ለውሱና ፍሪጅ ክተቱት። ሰዓታት ከቆየ ሥጋው ዱቄት ዱቄት ይላል። ሎሚውን እስከ ልጣጩ ድረስ አትጭመቁት፣ ይመራል። አትክልቱ፣ አንድ እፍኝ የድንብላል ቅጠልና 2 አቮካዶ በመጨረሻዋ ሰዓት ይገባሉ።

ለቶስታዳው የበቆሎ ቶርቲያውን (ስስ ቂጣውን) በብርጭቆ አፍ ክብ ቁረጡና ግማሽ ሰዓት አየር ላይ ይድረቅ፤ እርጥበት ያለው ቶርቲያ ዘይት ይመጥጣል። በ180 ዲግሪ ዘይት እያገላበጣችሁ አረፋው እስኪቀንስ ጥበሱት፤ ዘይቱ እንዲንጠፈጠፍ አቁማችሁ አስደግፉት። በላዩ ስስ ማዮኔዝ ቀቡ። በሜክሲኮ ብዙዎች ለጣዕም ይቀቡታል፤ ከዚያም በላይ እርጥበቱ ወደ ቶርቲያው እንዳይገባ ይከለክላል። እንግዳው ሳይቀመጥ ሴቪቼውን አትጫኑበት። ፎቶ እየተነሣ የሚቆይ ቶስታዳ ያዝናል፤ ስልካችሁን አስቀምጡና አቅርቡ።

አስቀድማችሁ አታዘጋጁ እያልኩ ነው፤ የሽሪምፕ ኮክቴል ስጎ ግን ከዋዜማው ቢሠራ ይሻላል። 2 ኩባያ የቲማቲም ጭማቂ፣ ግማሽ ኩባያ ካቻፕ፣ ሩብ ኩባያ ሎሚና የምትወዱትን ያህል የቃሪያ ስጎ ደባልቃችሁ ፍሪጅ ውስጥ ስታሳድሩት ጣዕሙ ይዋሃዳል። የበሰለውን ሽሪምፕና አቮካዶውን ሲቀርብ ጨምራችሁ በብርጭቆ ከጨው ብስኩት ጋር ስጡ።

የእጅ መታጠብን ነገር አልነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ። ሽሪምፕ የማይስማማው እንግዳ መኖሩን ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ካለ የእሱን ቶስታዳ በሌላ ቢላ፣ በሌላ ሳህን፣ ሽሪምፕ ባልነካው ዘይት አዘጋጁ። የሴቪቼውን ሳህን በበረዶ ላይ አስቀምጡ፤ ያለ በረዶ ከ2 ሰዓት በላይ የቆየውን፣ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ በላይ ከሆነ ደግሞ ከ1 ሰዓት በላይ የቆየውን፣ ምንም ያህል ቢያሳሳ ጣሉት።